አንዲት ክፍተት የምታስከፍለው ዋጋ፦ ከአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ እስከ ጥቁሩ መስኮት

ዳታቤዝ የሚነካ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚሠራት ስህተት አለች። ጥቁሩን መስኮት ይከፍትና «ማይኤስኪውኤል» ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ ጭረትና ዩ፣ ከዚያ የተጠቃሚ ስም። ቀጥሎ ጭረትና ፒ፣ አንድ ክፍተት፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉን። ኢንተር ይጫናል። ፕሮግራሙ ግን ምንም እንዳልተነገረው ሁሉ «የይለፍ ቃል አስገባ» ይለዋል። ሰውየው እየተገረመ ደግሞ ይጽፋል። የባሰው የሚመጣው አሁን ነው፦ «እንዲህ የሚባል ዳታቤዝ አላውቅም» የሚል መልስ ይወጣል፤ «እንዲህ የሚባል» በተባለው ቦታ ላይ የሰውየው የይለፍ ቃል ፍንትው ብሎ ተጽፏል። ከጀርባው የቆመ ሁሉ ያነበዋል።

ጥፋቱ ከፒ በኋላ የገባችው ክፍተት ናት፤ ሌላ ምንም የለም። ዩ ሁልጊዜ ስም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀጥሎ ያለው ቃል ተጣብቆም ይምጣ ተለይቶ የእሱ ነው። ፒ ግን ሁለት ዓይነት አመጣጥ አለው። የይለፍ ቃሉን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ባዶውንም ሊመጣ ይችላል፣ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ ይጠይቃል። እንግዲህ ከፒ ቀጥሎ ለብቻው የቆመ ቃል ሲያገኝ የማን ነው ይበል? የፒ ነው ቢል፣ ፒን ባዶውን ጽፎ ከጎኑ የዳታቤዙን ስም ያስቀመጠ ሰው ይበደላል። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ተቆረጠ፦ የተጣበቀ የፒ ነው፤ የተለየ ራሱን የቻለ ነው። ራሱን የቻለ ቃል ደግሞ በዚህ ፕሮግራም ዘንድ የዳታቤዝ ስም ነው። ማሽኑ የሰውየውን ሐሳብ አላነበበም፤ ያነበበው ክፍተቷን ነው።

ይህን የፕሮግራመሮች ግትርነት አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። የነገሩ ዕድሜ ግን ከኮምፒዩተር ይበልጣል። ሥሩን ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አቃቂ ይበቃል።

አቃቂ ዛሬ የሚታወቀው በፋብሪካና በከባድ መኪና ሰልፍ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ አቃቂ የደረሰው በ1915 እ.ኤ.አ. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ከ2 ዓመት በኋላ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ የራዲዮ ጣቢያው መጣ። የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነው። ጣቢያው ብዙም ሳያረጅ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ ጣሊያን የሠራው ጣቢያም የጣሊያንን ወረራ ለዓለም የሚያሰማ አፍ ሆነ። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ በውጭ ጋዜጠኞች ተጥለቅልቃ ነበር፤ የሚልኩት የራዲዮ ቴሌግራምም በአቃቂ በኩል ይወጣ ነበር።

ቴሌግራም የሚከፈልበት በቃል ነው። ቃል ምንድን ነው? ለሰዋስው መምህር ጥያቄው ቀላል ላይሆን ይችላል፤ ለቴሌግራፍ ሠራተኛ ግን በሕግ የተቆረጠ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል የሆነችው በ1932 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያ ማኅበር ደንብ መሠረት በተራ ቋንቋ የተጻፈ ቃል እስከ 15 ፊደል ድረስ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ካለፈ ሁለት ይሆናል። ሁለት ቃል አጣብቆ ለአንድ መክፈል ከቋንቋው ልማድ ውጭ ከሆነ ክልክል ነበር። ጋዜጠኞቹ ግን ከማጣበቅ አልቦዘኑም፤ በእያንዳንዷ ክፍተት ላይ ገንዘብ ነበረና።

ለዛሬው ዳታቤዝ ሠራተኛ ይበልጥ የሚገርመው ከአድራሻው በፊት የሚጻፈው ነው። ላኪው ልዩ አገልግሎት ሲፈልግ በሁለት የእኩል ምልክቶች መሃል አጭር ኮድ ያስቀምጣል። ኤፍ ኤስ ማለት «ተቀባዩ ከቦታው ሄዶ ከሆነ ተከትላችሁ አድርሱ» ነው። ቲ ሲ «እየመለሳችሁ በማንበብ አረጋግጡ» ነው። አር ፒ ብሎ ከጎኑ ቁጥር ያጣበቀ ላኪ የተቀባዩን መልስ አስቀድሞ እስከዚያ መጠን ከፍሏል። ቲ ኤም ከነቁጥሩ ደግሞ መልእክቱ ለስንት አድራሻ እንደሚደርስ ይናገራል። ኮዱና የተጣበቀው ቁጥር አንድ ላይ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራሉ። ከዚያ አድራሻው ይመጣል፣ ከዚያ መልእክቱ፣ በመጨረሻ ፊርማው። ቅደም ተከተሉ የተዛባ እንደሆነ ኮዱ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ የመልእክቱ አካል ይሆናል።

ይህ እንግዲህ ጭረትና ፒ ነው፤ ከነመጣበቁ። ከመልእክቱ ተነጥሎ ለአስተላላፊው የሚነገር ትእዛዝ፣ እሱን የሚለይ ምልክት፣ ከጎኑ የተለጠፈ ዋጋ፣ ከኋላው በቦታው ብቻ የሚታወቅ ስም።

በዚያው ሰሞን ለዴይሊ ሜይል ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ፣ ሌሎች ጋዜጠኞች እንዳያነቡበት አንድ ትልቅ ወሬ በላቲን ጽፎ እንደላከ ይነገራል። ቃሎቹ በትክክል ለንደን ደረሱ፤ ጋዜጣው ግን ሳይጠቀምበት ቀረ። አስተላላፊው ሥራውን ሠርቷል፤ የተቀበለው ወገን ነው ምን እንደያዘ ያላወቀው። ዎ በ1938 እ.ኤ.አ. «ስኩፕ» በተባለ ልብ ወለዱ ያንን የጋዜጠኞች ትርምስ አሹፎበታል።

ከቴሌግራም ወደ ተርሚናል ያለው መንገድ አጭር ነው። የሞርስ ቁልፍ በመተየቢያ ማሽን ተተካና ቴሌታይፕ ተባለ። በ1969 እ.ኤ.አ. ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ሲጀምሩ የተቀመጡት ቤል ላብስ ውስጥ ነበር፤ የቤል ላብስ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ሙሉ ስሙ የአሜሪካ ስልክና ቴሌግራፍ ነው። ትእዛዝ የሚጽፉበትም ቴሌታይፕ ነበር። ሞዴል 33 የሚባለው በሴኮንድ 10 ፊደል ብቻ ያትማል። የዩኒክስ ትእዛዞች ሁለትና ሦስት ፊደል ሆነው የቀሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም ሊኑክስ ተርሚናሉን «ቲ ቲ ዋይ» ይለዋል፤ ቴሌታይፕ ማለቱ ነው።

በዚያ ሥርዓት የተጻፈውን መስመር መጀመሪያ የሚያነበው ሼል ነው። ሼል ክፍተት ባየበት ሁሉ ይቆርጥና ቁርጥራጮቹን በተራ ቁጥር ለፕሮግራሙ ያስረክባል። ፕሮግራሙ ሙሉውን መስመር አያየውም። ክፍተት ያለበትን ስም እንደ አንድ ማሳለፍ የፈለገ በጥቅስ ምልክት ማሰር አለበት። ከዚያ ወዲያ የትኛው ቁራጭ ትእዛዝ፣ የትኛው ዋጋ፣ የትኛው ስም ነው የሚለውን መፍረድ የፕሮግራሙ ፋንታ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም በየራሱ ይፈርድ ነበር። ጌትኦፕት የተባለው የጋራ ፈራጅ ለሕዝብ የተለቀቀው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። በኋላ የግኑ ሰዎች በሁለት ጭረት የሚጀምሩትን ረጃጅም ስሞች ጨመሩበት፤ ምንም ሳይከተላቸው ብቻቸውን የቆሙ ሁለት ጭረቶች ደግሞ «ከዚህ በኋላ ትእዛዝ የለም፣ የቀረው ሁሉ ስም ነው» የሚል ትርጉም አላቸው። አነባበቡ በዚህ መልክ የጋራ ሆነ። የፊደሎቹ ትርጉም ግን የጋራ አልሆነም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ማይኤስኪውኤል ትንሿን ፒ ለይለፍ ቃል፣ ትልቋን ፒ ለፖርት አደረገ። በፖስትግሬስ ደንበኛ ፕሮግራም በፒኤስኪውኤል ደግሞ ትንሿ ፒ ፖርት ናት፤ የይለፍ ቃል በትእዛዝ መስመር ላይ የሚጻፍበት ፊደል ጭራሽ የለም። ፒኤስኪውኤል ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ቃል ሲያገኝ የዳታቤዝ ስም ይለዋል፣ ሁለተኛውን የተጠቃሚ ስም፤ ምንም ካልተሰጠው በተጠቃሚው ስም የሚጠራ ዳታቤዝ ይፈልጋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው እንደ ጠረፍ ነጋዴ በሁለት ገንዘብ ማሰብ አለበት።

ለአማርኛ ጸሐፊ ነገሩ ሌላ መልክም አለው። የግዕዝ ጽሑፍ ቃልን ከቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ሳይሆን በሁለት ነጥብ ነበር። ባዶ ቦታው ጋዜጣውንና ስልኩን ሁሉ ወርሶ ሁለት ነጥብ ዛሬ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና በአሮጌ ደብዳቤዎች ነው። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲያስገባ ሁለት ነጥብንም አብሮ አስገባው፤ በስሙም የኢትዮጵያ የቃል ክፍተት አለው። በጠባዩ ግን ከሥርዓተ ነጥብ መደበው እንጂ ከክፍተት አልቆጠረውም። ስለዚህ ሦስት ቃላትን በሁለት ነጥብ ለይቶ ለሼል የሰጠ ሰው አንድ ረጅም ቃል ነው የሰጠው። «ዓለም አየሁ» ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዓለማየሁ» የሰው ስም ነው። የቅኔ መምህር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማና ይደሰታል። የቴሌግራፍ ሠራተኛ አንዱን መርጦ ሒሳብ ያስከፍላል። ሼል መምረጥም አይችል፤ ክፍተት ካለ ሁለት፣ ከሌለ አንድ።

ሌላው ወጥመድ ያለው እንደዚህ ያሉ ጽሑፎች በሚነበቡበት መተግበሪያ ውስጥ ነው፤ ስሙም ቴሌግራም መሆኑ ያስቃል። ተማሪዎች ትእዛዝ የሚቀባበሉት በዚያ ነው። ስልኩ ደግሞ ጽሑፍ ያሳመረ መስሎት ሁለቱን ጭረቶች ወደ አንድ ረጅም ጭረት ይለውጣቸዋል። ለዓይን ልዩነቱ ኢምንት ነው። ማሽኑ ግን ረጅሙን ጭረት የትእዛዝ ምልክት አድርጎ አያውቀውም፤ እንደ ተራ ፊደል ያየዋል። «ይህን ጻፉ» ተብሎ የተላከው ትእዛዝም ማይኤስኪውኤል ዘንድ ሲደርስ እንደገና የዳታቤዝ ስም ሆኖ ያርፋል። ተማሪው መስመሩን አሥር ጊዜ ያነበዋል፤ ስህተት አያገኝም።

ይህ ሁሉ የመተየብ ጣጣ ብቻ ቢሆን በሳቅ ይታለፍ ነበር። ግን አንድ ኮምፒዩተር ለአምስት ሠራተኛ በሚደርስበት ቢሮ፣ ሁሉም በአንድ መለያ ስም በሚገባበት፣ የይለፍ ቃልን በትእዛዝ መስመር ላይ መጻፍ የካዝና ቁልፍ በር ላይ እንደ መስቀል ነው። ሼል የተጻፈለትን ሁሉ በታሪክ መዝገቡ ያስቀምጣል፤ ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት የተጫነ ሁሉ የትናንቱን ትእዛዝ ያገኛል። የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ዝርዝር የሚያወጣ ትእዛዝም አለ፤ እዚያ ላይ የፕሮግራሙ ሙሉ መስመር ለሌላው ተጠቃሚ ሊታይ ይችላል። ማይኤስኪውኤል ይህን ስለሚያውቅ ሥራ እንደ ጀመረ የይለፍ ቃሉን በሌላ ፊደል ይሸፍነዋል፤ እስኪሸፍነው ድረስ ግን አጭር ቅጽበት አለች። ከ5.6 እትም ጀምሮም የይለፍ ቃል በትእዛዝ መስመር መስጠት አስተማማኝ እንዳልሆነ የሚያስጠነቅቅ መስመር ያወጣል። አብዛኛው ሰው ያንን መስመር እንደ ጌጥ ለምዶታል።

ሰነፍ የተባለው ስህተት፣ ማለትም ክፍተት ያስገባው ሰው፣ ከዚህ አንጻር ሲታይ ይበልጥ ይጎዳል። የተጣበቀውን የይለፍ ቃል ፕሮግራሙ ቢያንስ ምስጢር መሆኑን ያውቃልና ሊሸፍነው ይሞክራል። የተለየውን ግን የዳታቤዝ ስም ነው ብሎ ስለተቀበለ የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። ስሙን ጠርቶ «አላውቀውም» ይላል፤ የታሪክ መዝገቡም እንዳለ ይይዘዋል።

ፒን ባዶዋን ጽፎ ከጎኗ የዳታቤዙን ስም አስቀምጦ ኢንተር መጫን ይበቃል። ፕሮግራሙ ሲጠይቅ የሚጻፈው ስክሪኑ ላይ አይታይም፤ የሼል መዝገብም አያገኘውም። በየቀኑ መጻፍ የሰለቸው በባለቤቱ ብቻ በሚነበብ የቅንብር ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ለፖስትግሬስም ለዚሁ የተዘጋጀ የራሱ ፋይል አለ፣ ፈቃዱ ለሌላ ሰው ክፍት ከሆነ ፕሮግራሙ ሊያነበው እንኳ እምቢ ይላል። ትናንት ክፍተቷን ያስገባ ሰው ደግሞ መዝገቡን መሰረዝ ብቻውን አይበቃውም፤ የይለፍ ቃሉንም ዛሬውኑ ይቀይር።