ደስታ እና ደስታ መሰል

በእኛ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለደረሰው «ክፉ ቀን» ዋና መነሻ የሆነው የከብት በሽታ በአማርኛ ስሙ «ደስታ» ነው። በምጽዋ በኩል ገብቶ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ። በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ረሃቡም ተከተለ።

ሶፍትዌር ጽፌ ስለምኖር፣ ይህን ስም ሳይ የሚመጣብኝ ጥያቄ ትንሽ ለየት ይላል፦ ይሄ ቃል ዳታቤዝ ውስጥ እንዴት ይፈለጋል? «ደስታ» ብላችሁ ብትፈልጉ በሽታው ይመጣል። የከብቱ ባለቤት አቶ ደስታም ይመጣሉ። የበግና የፍየል በሽታ የሆነው «ደስታ መሰል»ም አብሮ ይመጣል። አባ ሰንጋ ላይ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፦ አንዱ ሐኪም «አባሰንጋ» ብሎ ይገጥመዋል፣ ሌላው በንጉሡ ሠ ይጽፈዋል፣ ሦስተኛው «አንትራክስ» ይላል። ለሰው ሁሉም አንድ በሽታ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል። ለእያንዳንዱ በሽታ አንድ መለያ ኮድ ስጡ፣ አጻጻፎቹን ሁሉ ወደዚያ ኮድ ምሩ፣ በቃ። ግን እዚህ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1920 ከህንድ ወደ ብራዚል የሚጓዙ ከብቶች በአንትወርፕ ወደብ ሲያልፉ ደስታን ቤልጂየም ላይ አራገፉት። በዚህ የደነገጡ 28 አገሮች በ1924 ፓሪስ ላይ ተፈራርመው ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የምንለውን መሠረቱ። በሽታ ሲነሳ አንዱ ለሌላው እንዲያሳውቅ ማለት ነው። ለማሳወቅ ደግሞ ስሙ ላይ መስማማት ያስፈልጋል።

በ1964 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የእንስሳት ሕክምና ዳታቤዝ አስጀመረ። የዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሆስፒታሎች መዝገባቸውን በኮድ እየቀየሩ ይልኩ ጀመር። ያኔ «የትኛው የውሻ ዝርያ በየትኛው ካንሰር ይያዛል?» የሚል ጥያቄ የአንድ ሐኪም ትዝታ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። በ1965 የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች «ስኖፕ» የተባለውን መዝገበ ቃላት አወጡ። እሱ አንድን ሕመም ይበታትነዋል፦ የት አካል ላይ? ምን ለውጥ ታየ? በምን ምክንያት? ምን ሥራ ታወከ? የእሱ ልጅ የሆነው «ስኖሜድ» በ1993 እትሙ የሰውንና የእንስሳትን ሕክምና በአንድ ላይ አቀፈ።

ይሄ መበታተን ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ነው። ለምን? ደስታ መሰል መጀመሪያ የተገለጸው በ1942 አይቮሪኮስት ውስጥ ነው። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ፦ ምልክቱ ከደስታ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የአማርኛው ስምም ይህንኑ ይናገራል። ህንድ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1987 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በበግና በፍየል ላይ ሲደርስ እንደ ደስታ ሲመዘገብ እንደቆየ ይታመናል። ጉዳቱ ድርብ ነው፦ አንዱ በሽታ ካለበት በላይ ያለ ይመስላል፤ ሌላው ጭራሽ የሌለ ይመስላል። ስለዚህ ኮድ መኖሩ ብቻ አያድንም። ሐኪሙ ያልተረጋገጠ ነገር ላይ የተረጋገጠ ኮድ እንዲመርጥ ካስገደድነው ስህተቱን አጽድቀን አስቀመጥነው ማለት ነው።

ደስታን ያጠፉት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በሜዳ የሚፈለገው «ደስታ» የሚል ስም ብቻ አልነበረም፤ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ በአንድ ላይ የታየበት ከብት ሁሉ ይመዘገብና ይመረመር ነበር። የመጨረሻው ሕመም በ2001 ኬንያ ውስጥ በጎሾች ላይ ታየ። በ2011 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። «የለም» ማለት የተቻለው፣ ሲፈለግ እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብ ስለነበረ ነው። ባዶ መዝገብማ ምንም አያረጋግጥም።

አሁን ተራው የደስታ መሰል ነው። ዓለም እስከ 2030 ሊያጠፋው አቅዷል። እና ከእናንተ መካከል ለእንስሳት ክሊኒክ ሲስተም የሚሠራ ካለ፣ አንድ ልመና አለኝ፦ ለታየው ምልክትና ለተረጋገጠው በሽታ የተለያየ ቦታ ስጡ። ሐኪሙ በራሱ ቃል የጻፈውንም አትሰርዙ። ዛሬ «ደስታ መሰል» የምንለው ውስጥ ነገ ሌላ ስም የሚያገኝ በሽታ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ ወደኋላ ተመልሶ የሚለየው ሰው የሚያነበው ያንን ነው።