አሸተን ማርያምና የሮሃ ጠራቢዎች

ከላሊበላ ከተማ በእግሩ ወይም በበቅሎ ሽቅብ የወጣ መንገደኛ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ላይ ከዐለት የተፈለፈለችውን አሸተን ማርያምን ያገኛል። በዐለቱ ውስጥ የተቀደደውን ጠባብ መተላለፊያ አልፎ የሚያያት ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ዐይን የምታፈዝ አይደለችም፤ ጥርቧ ሻካራ ነው። ትውፊት ሥራዋን የሚሰጠው ለንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ነው።

የላስታ አፈ ታሪክ ሰፊ ነው። ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ ጎልምሶም በመርዝ 3 ቀን እንደ ሙት በተኛ ጊዜ መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው የሚሠራቸውን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት፤ ከነገሠም በኋላ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ይፈለፍሉ ነበር ይባላል።

ከዚህ የተለየ፣ እጅግም የከፋ ሌላ አፈ ታሪክ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በሮሃ ያየውን ቢናገር የአገሩ ሰዎች እንዳያምኑት ፈርቶ፣ እውነት መጻፉን በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ነገር ግን ሠሪዎቹ ነጮች ናቸው ሲሉ መስማቱንም ጨመረበት። መጽሐፉ በ1540 በሊዝቦን ታተመ፤ ወሬውም ከመጽሐፉ ጋር ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ጠራቢውን በግብጽ፣ በኢየሩሳሌም፣ አልፎ ተርፎም በቴምፕላር ፈረሰኞች ሠፈር የፈለጉ ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም። የመላእክቱ አፈ ታሪክ ቢያንስ ቀኑን ለላስታ ሰው ትቶለታል፤ ይኸኛው ግን ቀኑንም ሌሊቱንም ነጠቀው።

መልሱ ያለው በድንጋዩ ላይ ነው። ከላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን ግንቡና እንጨቱ በአክሱም ሥርዓት ተራ በተራ ተነባብረዋል። የቤተ አማኑኤል ጠራቢ ደግሞ ያንኑ ወጣ ገባ ግድግዳ፣ እንጨት በሌለበት፣ ከአንድ ወጥ ዐለት ቀርጾ አወጣው። የአባቱን ቤት አሠራር የማያውቅ እንግዳ ይህን አይደክምበትም። አሸተንም በበኩሏ የመሮውን ድካም አልሸሸገችም፤ ዐለቱ እንደ ቆላው ቀይ ድንጋይ አልለሰለሰም።

ነአኩቶ ለአብ አልሞተም፣ ተሰወረ ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በስሙ በሚጠራው ዋሻ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ጠበል እያሉ ይቀዱታል።