ባለ ርስቷ

አያቴ በሕይወቷ ፎቶግራፍ የተነሣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለመሬት ደብተር። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የባልና የሚስት ስምና ፎቶ በአንድ ደብተር ላይ ይስፈር ተባለ። እሷም ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በበቅሎ መሐል ሜዳ ገብታ ካሜራ ፊት ተቀመጠች። ዛሬ ቤቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምስሏ ከዚያች ጉርድ ፎቶ ላይ በትልቁ የታጠበ ነው። ቅጭም ብላለች። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ ቢላት ኖሮ ምን ብላ እንደምትመልስለት እገምታለሁ።

ሰው ምስሉን አይቶ ማን ናት ሲለኝ፣ አፌ የሚቀድመው «መንዝ የነበሩ የገበሬ ሚስት፣ አያቴ ናቸው» ለማለት ነው። ይኼ «የገበሬ ሚስት» የሚሉት ነገር ግን ቆየት ብሎ ይከነክነኛል። ቋንቋችን «ገበሬ»ን እርፍ ለጨበጠው ሰጥቶ ጨርሷል። ሴት እርፍ አትጨብጥም። ስለዚህ ብታርም፣ ብታጭድ፣ ብትወቃ፣ ኩበት ብትጠፈጥፍ፣ ገብሱን ፈትጋና አምሳ ብትፈጭ፣ የገበሬ ሚስት ናት። የአያቴን ጉዳይ የባሰ የሚያደርገው ደግሞ መሬቱ የሷ መሆኑ ነው። አያቴ (ወንዱን ማለቴ ነው፤ እሳቸውን «እርስዎ»፣ እሷን «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግሁት) ጎጆ የወጡት በሷ ርስት ላይ ነበር።

የርስትን ነገር ወጣት አንባቢዎች ከጉልትና ከጭሰኛ ጋር ያምታቱታልና ትንሽ ልበልበት። መንዝ በአፈ ታሪኩ የሦስት አቅኚ አባቶች አገር ነው፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የሚባለውም በነሱ ስም ነው። ርስት ማለት ከመጀመሪያው አቅኚ የመወለድ መብት ነው። ትውልዱ በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ትወርሳለች፤ ስታገባም ርስቷ የሷ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ትዳሩ ቢፈርስ ይዛው ትወጣለች። ከዚህ የተነሣ ችሎት ላይ ርስት የሚሟገት ወንድ ሁሉ ቅድመ አያቶቹን፣ ሴቶቹን ጭምር፣ በስም መጥራት ግድ ይሆንበታል። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የረሷቸውን ሴቶች የመሬት ተሟጋች ሲያስታውሳቸው ኖረ ማለት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገደማ መንዝ ገብቶ ያጠናው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪንም የዚህን ሕዝብ የርስት ክርክር ፍቅር ሳያይ አላለፈም።

ርስትን ላሞግስ አይደለም። በወግ የተሰጣትን በወንድም የተነጠቀች እኅት ቁጥር የላትም። ሩቅ አገር የተዳረችማ ድርሻዬ ብላ ብትመጣ «እንኳን ደህና መጣሽ» ተብላ፣ ጠላ ጠጥታ፣ ባዶ እጇን ነው የምትመለሰው። አያቴን የጠቀማት ባሏ ወደሷ መምጣታቸው ነው።

ስለ ጉልበቷ ሳስብ ሁልጊዜ ባናው ይመጣብኛል። የመንዝ ብርድ የዋዛ አይደለም፤ አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ነው። በጉም ጸጉራም ነው። ጸጉሩን አጥቦ፣ ፈልቅቆ፣ በእንዝርት ፈትሎ ማቅረብ የሴት፣ መሸመኑ የወንድ ነው። አያቴ ውኃ ስትወርድ ትፈትላለች፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ትፈትላለች፣ እኛን ስትቆጣም እንዝርቷ አይቆምም። ለአንድ ባና የሚበቃ ድውር እስኪሞላ ስንት ማታ እንደሚፈጅ ማንም ቆጥሮ አያውቅም። ሸማኔው ግን በቀን ይቆጠርለታል፤ ዋጋውም የታወቀ ነው። ገበያ ላይ ማን ሸመነው እንጂ ማን ፈተለው ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ዕድሜዋን የምትቆጥረው ከጣልያን ነበር፤ ጣልያን የገባ ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ስለ ዘረት ዋሻ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በ1931 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን፣ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ወገን የሆኑ ሰዎች ቁስለኛቸውን፣ ሽማግሌያቸውን፣ ሚስትና ልጃቸውን ይዘው እዚያ ተጠልለው ሳሉ የጣልያን ጦር ከበባቸው። በሰናፍጭ ጋዝ መረዛቸው፤ እጅ ሰጥተው የወጡትን ወንዶች በመትረየስ ረሸነ። ይህን የአገሩ ሰው ሲያወራው ኖሯል፤ ማቴኦ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣልያናዊ የታሪክ ሰው የራሳቸውን ጦር መዛግብት አገላብጦ በ1998 ዓ.ም. ይፋ ሲያደርገው ግን ዓለም ሰማ። ቆይቶ አርኪዮሎጂስቶች ዋሻው ውስጥ ገቡ። ከአጥንቱና ከጥይት ቀለሃው ጋር ያገኙት የሸክላ ዕቃና የእህል ማኖሪያ ነው። ይኼን ሳነብ መጽሐፉን አጠፍኩት። ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ነው የገቡት፤ ሴቶቹ ግን ቤታቸውን ተሸክመው ገብተዋል። ጾም ሊፈታ ነው፤ ዱቄት ያስፈልጋል፤ ልጅ ይራባል። ስማቸውን የጻፈልን የለም፤ ጎታቸው ግን ተገኝቷል።

ከዚያ 1967 መጣ። የገጠር መሬት አዋጁ፣ ቁጥር 31፣ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ሊያርስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት ይሰጠዋል ይላል። ቃሉ ያማረ ነው። ጭሰኛ ላለበት አገር ነፃነት መሆኑንም ማንም አይክድም፤ እኔም በተማሪነቴ የዘመርኩለት ነው። ገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ሲከፍት ግን የመዘገበው የቤቱን አባወራ ነው። በአንድ ቀን ባለ ርስቷ «የእገሌ ሚስት» ሆነች። አያቴ ወንዱ ይህን ሲያነሡ ያፍሩ ነበር። «ሠርጌ ዕለት እንኳ እንዲህ በነፃ መሬት አላገኘሁም» ይሉና ወደሷ ያያሉ። እሷ እንዝርቷን ታሾራለች። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም እህል እየሰፈረች ሦስት ቤት የመገበችው እሷ ነበረች፤ የርዳታ ስንዴው የሚሰፈረው ግን በሳቸው ስም ነው።

እንግዲህ ደብተሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 133/1998 ከመውጣቱ በፊት ምዝገባው ተጀምሯል፤ እኔም በዚያ ሰሞን ከማስተምርበት ቦታ ለዕረፍት ሄጄ ስለነበር አብሬያቸው ወጣሁ። መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ከግራር ጥላ ሥር። የአያቴን ስም ጻፈ። የሳቸውን ጽፎ «የርስዎስ እማማ?» አላት።

ስሟን ነገረችው። የአባቷን ስም ነገረችው። የአያቷን ስም ነገረችው። ልጁ ብዕሩን ሊያነሣ ሲል እሷ አልጨረሰችም፤ መሬቱ የመጣው በእናቷ በኩል ነውና ወደዚያ ዞራ የእናቷን እናት፣ የሷን እናት እያለች መውረድ ጀመረች። ሰልፉ ጸጥ አለ። ወንዱ አያቴ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ የረሳች ሲመስላቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሏታል። አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሬያለሁ፤ ጌራ ጋ አልደረሰችም።

«ይበቃል እማማ» አላት ልጁ በአክብሮት፣ ቅጹን አዙሮ እያሳያት። «ቦታ የለውም።»

ማንበብ አትችልም። ግን ጎንበስ ብላ ቅጹን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሁን፤ ፎቶው የት ጋ ነው የሚለጠፈው?» አለችው።