የጓዳ ዕቃ በኦሎምፒክ አደባባይ

በታላላቅ የስፖርት በዓላት የሚያስተጋባው ከበሮ የዘር ሐረጉ ከጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን ከጓዳም ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ መክፈቻ 2,008 መቺዎች ያንኳኩት «ፎ» በጥንታዊት ቻይና የመጠጥ ማኖሪያ ሸክላ ነበር። ጥንታዊው ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ የቺን ንጉሥ የጃዎን ንጉሥ እንደ አዝማሪ አስደርድሮ ሲያዋርደው፣ የጃዎው ሹም ሊን ሺያንግሩ በአጸፋው ኃያሉን ንጉሥ ፎ እንዲመታ አስገደደው፤ አንዴ ብቻ፣ ሳይወድ መታ። ይኸው ዕቃ በቤጂንግ በመብራት አጊጦ፣ በወታደሮች እጅ የሥርዓት መግለጫ ሆነ። ትርኢቱ ግሩም ነበር፤ ሸክላነቱ ግን ተሰወረ።

በ2012 ለንደን ላይ 1,000 ያህል በጎ ፈቃደኞች የኢንዱስትሪ አብዮትን ጩኸት ሲያሰሙ ባልዲና የቆሻሻ በርሜል ደበደቡ። የወዝ አደሩ ታሪክ በወዝ አደሩ ዕቃ ተነገረ። መሪያቸው ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ ከልጅነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ስትሆን፣ ምቱን የምታዳምጠው በእግሯና በመላ አካሏ ነው።