2,029 ድል፣ ዋንጫ ያልተበላበት 40 ዓመት

ጁን 19 ቀን 2019 ማታ፣ በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት ኦማሃ ከተማ፣ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድን በቴክሳስ ቴክ 4 ለ 1 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። በዚያው ሽንፈት የዋና አሰልጣኙ የማይክ ማርቲን የ40 ዓመት አገልግሎትም አበቃ። ማርቲን የ75 ዓመት አዛውንት ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ትተውት የሄዱት መዝገብ 2,029 ድል፣ 736 ሽንፈትና 4 አቻ ይላል፤ በአሜሪካ ኮሌጆች አንደኛ ዲቪዚዮን ከእሳቸው በፊት ይህን ያህል ያሸነፈ የቤዝቦል አሰልጣኝ አልነበረም። ቡድናቸውን ለመጨረሻው ውድድር 17 ጊዜ ኦማሃ አድርሰዋል፤ ዋንጫ ግን አንድም ጊዜ አልበሉም። ስለ ማርቲን የሚነገረው አብዛኛው ወሬ የሚጀምረው ከዚህ የዋንጫ ጉድለት ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለው ፍርድ መዝገቡን ከተሳሳተ ጫፍ ማንበብ ነው እላለሁ። የአንድ አሰልጣኝ ሥራ በደንብ የሚታየው በየዓመቱ በሚደጋገመው ነገር ላይ ነው፤ በጁን ወር በአሥር ቀን ውስጥ የሚሆነው የሚነግረን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ይህን ለመረዳት ውድድሩንና የጨዋታውን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1999 ወዲህ ለማጣሪያው 64 ኮሌጆች ይመረጣሉ። መጀመሪያ አራት አራት ሆነው ይጫወታሉ፤ ቀጥሎ የቀሩት 16 ቡድኖች ሁለት ሁለት ሆነው ይገጥማሉ፤ ከዚያ የሚተርፉት ስምንቱ ኦማሃ ይገባሉ። ኦማሃ ይህን ውድድር ከ1950 ጀምሮ ስታስተናግድ ኖራለች። እዚያ ከፍጻሜው በፊት ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ሻንጣውን ይሸክፋል። በእግር ኳስ ዛሬ የሚሰለፉት አሥራ አንድ ተጫዋቾች ነገም ሊሰለፉ ይችላሉ። በቤዝቦል ግን የጨዋታው ግማሽ ነፍስ በወርዋሪው እጅ ነው፤ ጨዋታ የጀመረ ወርዋሪ ደግሞ ክንዱ እስኪያገግም ቀናት ማረፍ አለበት። ስለዚህ አርብ የታየው ቡድንና እሁድ የሚታየው ቡድን በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በጉልበት አንድ አይደሉም። ጥሩ የተመታ ኳስ በቀጥታ ተከላካይ እጅ ይገባል፤ ክፉኛ የተመታው ደግሞ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ወድቆ ነጥብ ያስገኛል። በ60 ጨዋታ ይህ ሁሉ ይቻቻላል፤ በሦስትና በአራት ጨዋታ ግን አይቻቻልም።

ማርቲን ሥራውን የተረከቡት ከባዶ አልነበረም። ታላሃሲ የሚገኘው ፍሎሪዳ ስቴት እስከ 1947 የሴቶች ኮሌጅ ነበር፤ ወንዶች ተማሪዎችን መቀበል ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1948፣ የቤዝቦል ቡድን አቋቋመ። ማርቲን ራሳቸው በሰሜን ካሮላይና ተወልደው፣ በ1965 ኦማሃ የደረሰው የፍሎሪዳ ስቴት ቡድን ተጫዋች ነበሩ። በትናንሽ የፕሮፌሽናል ሊጎች ጥቂት ዓመታት ከተጫወቱ በኋላ በ1975 በረዳት አሰልጣኝነት ተመለሱ። በ1979 የዋና አሰልጣኙን ወንበር የያዙት ዲክ ሃውሰር አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ቆይተው የኒውዮርክ ያንኪስን ቡድን ለመምራት ሄዱ፤ ወንበሩም ለማርቲን ደረሰ። በመጀመሪያ ዓመታቸው በ1980 ኦማሃ ገቡ። በመጨረሻው ዓመታቸው በ2019ም ኦማሃ ገቡ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሁሉ አንድም ዓመት ከማጣሪያው አልቀሩም፤ አንድም ዓመት ከ40 ድል በታች አልወረዱም። አማካዩ በዓመት ከ50 ድል በላይ ነው።

የዚህ ድግግሞሽ ክብደት የሚገባው የኮሌጅ ቡድን ምን ያህል ተኖ እንደሚያልቅ ለሚያውቅ ሰው ነው። ጥሩ የተባለ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ ፕሮፌሽናል ክለቦች በድራፍት፣ ማለትም አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚወስዱበት ሥርዓት፣ ይመርጡታል፤ አሰልጣኙ ያግባባው ተጫዋች ግቢውን ሳይረግጥ ሊቀር ይችላል። ኮሌጅ ከገባም ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ክለቦቹ እንደገና ይመጡበታል። በዚህ ላይ ገንዘቡ ጠባብ ነው፦ በማርቲን አብዛኛው ዘመን አንድ ኮሌጅ ለቤዝቦል ሊሰጥ የሚፈቀድለት የ11.7 ሰው ሙሉ ስኮላርሽፕ ብቻ ነበር፤ እሱም ለሰላሳ ገደማ ተጫዋች ተሸንሽኖ ነው የሚታደለው። እንግዲህ አሰልጣኙ በየሦስት ዓመቱ ቤቱን አፍርሶ እንደ አዲስ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ማርቲን ይህን አርባ ዓመት አድርገዋል፤ ያውም መሣሪያው ራሱ እየተለወጠ። የአልሙኒየሙ ዱላ ኳስን እንደ ጥይት በሚያስወነጭፍበት በ1990ዎቹ መጨረሻ አሸንፈዋል፤ ከ2011 ጀምሮ ዱላው በደንብ ተገድቦ ሆም ረን፣ ማለትም ከአጥር በላይ የሚያልፍ ምት፣ ብርቅ በሆነበት ጊዜም አሸንፈዋል።

የአሠራሩን ጥራት ከቅርብ ለማየት አንድ ልጅ ይበቃል። በስተር ፖዚ ከጆርጂያ ግዛት መጥቶ በ2006 በሾርትስቶፕ ቦታ፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ተሰልፎ መጫወት ጀመረ። ባለበት ቦታ ጥሩ ነበር፤ ብዙ አሰልጣኝ ባልነካው። በሁለተኛ ዓመቱ ግን ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ ወደሚቀበለው ተጫዋች ቦታ አዛወሩት። ጉልበት የሚፈጀው፣ ጣት የሚሰበርበት፣ ወርዋሪውን የሚመራውና የጨዋታውን ሐሳብ የሚይዘው ይህ ቦታ ነው። በ2008 ፖዚ በዚሁ ቦታ እየተጫወተ የመምታት አማካዩን 0.463 አደረሰ፤ 26 ሆም ረን መታ። በዚያው ዓመት ሜይ 12 ከሳቫና ስቴት ጋር በነበረው ጨዋታ በዘጠኙም የሜዳ ቦታዎች ተራ በተራ ተሰለፈ፤ የወርዋሪው ጉብታ ላይም ወጥቶ ኳስ ወረወረ። ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ጃየንትስ በድራፍቱ አምስተኛ አድርጎ ወሰደው፤ ከክለቡ ጋር በ2010፣ በ2012 እና በ2014 ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ መጨረሻውም የታወቀው ታላሃሲ ላይ በተማረው ቦታ ነው። የኦማሃ ዋንጫ በዚህ ውስጥ የለም፤ የአሰልጣኝ እጅ ግን አለ።

ያው የ2008 ዓመት ስለ ዕድልም ያስተምራል። ፍሎሪዳ ስቴት 54 ጨዋታ አሸንፎ 14 ብቻ ነው የተሸነፈው። ኦማሃ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ከስታንፎርድ ጋር 5 ለ 5 ሆኖ ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ማለትም የመጨረሻው ዙር፣ ገባ። በዚያ አንድ ኢኒንግ ስታንፎርድ 11 ነጥብ አስቆጠረ። በሚቀጥለው ጨዋታ ማያሚ 7 ለ 5 አሸነፈና ፖዚና ጓደኞቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዋንጫውን የበላው ማን ነበር? በማጣሪያው አራት ቡድኖች መካከል በመጨረሻ ደረጃ ተመድቦ የገባው፣ በዓመቱ 31 ጊዜ የተሸነፈው ፍሬስኖ ስቴት። ፍሬስኖ ዋንጫው አይገባውም አልልም፤ በወቅቱ የተሻለ ተጫውቶ አሸንፏል። ግን ከሁለቱ የትኛው ፕሮግራም ነው ይበልጥ የሠራው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የአሥሩ ቀን ውጤት በቂ መልስ አይሰጠውም። ሒሳቡን በቀላሉ ማስላት ይቻላል፦ ኦማሃ የሚገቡት ስምንቱ ቡድኖች እኩል ዕድል አላቸው ቢባል፣ 17 ጊዜ ገብቶ አንድም ጊዜ ዋንጫ ሳይበላ የመመለስ ዕድል ከመቶ አሥር ገደማ ነው። የሚያሳዝን ነው እንጂ ተአምር አይደለም። ማርቲን ለፍጻሜ በደረሱባቸው ሁለት ዓመታት አንዱን፣ የ1986ቱን፣ በአሪዞና 10 ለ 2 በግልጽ ተሸነፉ፤ የ1999ኙ ግን በማያሚ 6 ለ 5 ነው የተወሰነው። በአንድ ነጥብ የተለየ ሰው ደካማ ነው የሚል ፍርድ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ላልፈው አልፈልግም። የሉዊዚያና ስቴቱ ስኪፕ በርትማን ኦማሃ የገቡት 11 ጊዜ ነው፤ አምስት ዋንጫ በልተዋል። ማርቲን የድል ክብረ ወሰናቸውን የሰበሩባቸው ኦጊ ጋሪዶም በሁለት ኮሌጆች አምስት ዋንጫ አላቸው። ሁሉ ነገር ዕድል ቢሆን ኖሮ ዕድል እነዚህን ሰዎች ብቻ መርጦ ባልጎበኛቸው። ይህ እውነት ነው፤ ልዩነቱ በሙሉ በአጋጣሚ ይገለጻል ብዬ አልሟገትም። ከጨዋታ ስልታቸው የመጣ ድክመትም ሊኖር ይችላል። የማርቲን መቺዎች በትዕግሥታቸው የታወቁ ነበሩ፤ መጥፎውን ውርወራ አይነኩም፣ ወርዋሪው አራት ኳስ አበላሽቶ ወደ አንደኛው ቤዝ በነጻ እስኪያሳልፋቸው ይጠብቃሉ። ይህ ስልት በፌብሩዋሪና በኤፕሪል፣ ድካም በያዘው ወይም መቆጣጠር ባቃተው ወርዋሪ ላይ፣ ወርቅ ነው። ኦማሃ ላይ ግን የሚያጋጥመው ወርዋሪ ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ነው፤ በነጻ የሚያሳልፈው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚጠብቅ መቺ ሳይመታ ተራው ያልፋል። በ2019 ኦማሃ ላይ በሦስት ጨዋታ ያስቆጠሩት ጠቅላላ ነጥብ ሁለት ነበር። በርትማን ቡድናቸውን ለጁን የመሳል ጥበብ እንደነበራቸው አምናለሁ፤ ማርቲን በዚህ አንሰው ነበር ቢባል አልከራከርም። ክርክሬ ሌላ ነው፤ ለጁን መሳል የሥራው አንድ ክፍል ነው፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ያለው ደግሞ ትልቁ ክፍል ነው። ዋንጫ ብቻ የሚቆጥር ሰው ትልቁን ትቶ በትንሹ ይመዝናል።

ደግሞም ኮሌጁ ከማርቲን በፊትም ሆነ በኋላ ዋንጫ አይቶ አያውቅም። በ1970 በሌላ አሰልጣኝ ሥር ለፍጻሜ ደርሶ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ የተረታው በ15 ኢኒንግ 2 ለ 1 ነበር። ጉድለቱን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጣል ይህንን ታሪክ መርሳት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ድሎቹን ራሳቸውን ያሳንሳል። ፍሎሪዳ ፀሐያማ ናት፣ ሰሜኖቹ በረዶ ሲጠርጉ የታላሃሲ ልጆች ሜዳ ላይ ናቸው፤ ቡድኑ ብዙ ጊዜ ማጣሪያውን በገዛ ሜዳው ነው የሚጫወተው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊግም ጠንካራ አልነበረም ይላሉ። ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን ኮሌጁ ከ1992 የውድድር ዘመን ጀምሮ በአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ከክሌምሰንና ከጆርጂያ ቴክ ጋር፣ በኋላም ከማያሚ ጋር ሲፋለም ኖሯል፤ የ40 ድሉ ሰንሰለት ግን አልተበጠሰም። ስለ ገዛ ሜዳ ደግሞ 2019 ራሱ ይመልሳል። ቡድኑ በዚያ ዓመት እያነከሰ 36 ድል ብቻ ይዞ ነው ማጣሪያ የገባው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 በታች ሊቀር ነው ተብሎ ነበር። አቴንስ ከተማ ሄዶ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ሦስት ጨዋታ አሸነፈ። ከዚያ ባተን ሩዥ ሄዶ በሉዊዚያና ስቴት ሜዳ ሁለት ጨመረ፤ አርባኛዋ ድል የመጣችው በበርትማን አሮጌ ቤት ነው። ስለ ፀሐዩ የሚመልሰው ከማርቲን በኋላ የሆነው ነው። ልጃቸው ማይክ ማርቲን ጁኒየር ሦስት ዓመት መርተው በ2022 ተሰናበቱ። በ2023 ቡድኑ 23 አሸንፎ 31 ተሸነፈ፤ ከ1974 ወዲህ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት የመጀመሪያው ዓመት ሆነ፤ ከማጣሪያውም ቀረ። ፀሐዩ ያው ነው፣ ሜዳው ያው ነው፤ ያውም በ2005 በማርቲን ስም የተሰየመው ሜዳ። የጎደለው ማርቲን በየዓመቱ እያደሱ ያቆዩት ነገር ነበር።

ማይክ ማርቲን ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 በ79 ዓመታቸው አረፉ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የያዛቸው የመርሳት በሽታ ነበር። ከልጃቸው በኋላ ቡድኑን ተረክበው በ2023 ክፉ ዓመት ያሳለፉት ዋና አሰልጣኝ ሊንክ ጃሬት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማርቲን ሥር በሾርትስቶፕነት የተጫወቱ ናቸው። በዚያው በ2024 ጃሬት ቡድኑን መልሰው ኦማሃ አስገቡት፤ ለኮሌጁ 24ኛ ጊዜ። በመጀመሪያው ጨዋታ ከቴኔሲ ጋር ገጥመው እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ 11 ለ 8 ይመሩ ነበር። ቴኔሲ በዚያች የመጨረሻ ተራው አራት ነጥብ አስቆጥሮ 12 ለ 11 አሸነፈ።