በለንደን 5ኛ የወጣችው አበባ አረጋዊ ከ12 ዓመታት በኋላ ወደ 2ኛ ደረጃ ከፍ አለች

ለኢትዮጵያና ለስዊድን የሮጠችው የመካከለኛ ርቀት አትሌት አበባ አረጋዊ በለንደን ኦሎምፒክ ያገኘችው ውጤት ከ5ኛ ወደ 2ኛ ደረጃ ለመሸጋገር 12 ዓመታት ፈጅቷል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አትሌት አበባ የተወለደችው በ1990 ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ተራሮች በስተሰሜን በምትገኘው በትግራይዋ ደጋማ ከተማ አዲግራት ነው። በ1 ሺህ 500 ሜትር ስሟ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀው ግንቦት 2012 ሮም በተካሄደው የዳይመንድ ሊግ ውድድር ርቀቱን በ3 ደቂቃ ከ56.54 ሰከንድ በመጨረስ ስታሸንፍ ሲሆን፣ ሰዓቱም በወቅቱ የኢትዮጵያ ክብረ ወሰን ነበር። በዚያው ዓመትና በ2013 የዳይመንድ ሊጉ የርቀቱ አጠቃላይ አሸናፊ ለመሆን በቅታለች።

በነሐሴ 2012 በለንደን የፍጻሜ ውድድር ኢትዮጵያን ወክላ 4 ደቂቃ ከ11.03 ሰከንድ በሆነ ጊዜ 5ኛ ወጣች። ከፊቷ የገቡት ሁለቱ የቱርክ አትሌቶች አስሊ ጫኪርና ጋምዜ ቡሉት፣ የባሕሬኗ ማርያም ዩሱፍ ጀማል እንዲሁም ሩሲያዊቷ ታትያና ቶማሾቫ ነበሩ። ከነዚህ መካከል ማርያም ትውልደ ኢትዮጵያዊት ናት።

አበባ በ2012 የስዊድን ዜግነት ያገኘች ሲሆን፣ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ የተወዳደረችው ለስዊድን ነው። በአትሌቲክስ ስዊድን ይበልጥ የምትታወቀው በከፍታ ዝላይ ነው። ፓትሪክ ሾበርግ በ1987 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ስቴፋን ሆልም በ2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ 2 ሜትር ከ36 ሳንቲ ሜትር በመዝለል ወርቅ አግኝቷል፤ ካይሳ በርግክቪስት ደግሞ በ2005 በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮንነትን ተቀዳጅታለች። አበባ በበኩሏ ለአገሪቱ የሩጫ ወርቅ አስገኘች። በ2013 መጀመሪያ በጎተንበርግ የአውሮፓ የቤት ውስጥ ውድድር ካሸነፈች በኋላ፣ በነሐሴ ወር ሞስኮ ላይ የ2011 ሻምፒዮኗን አሜሪካዊት ጄኒ ሲምፕሰንን በማስከተል በ4 ደቂቃ ከ02.67 ሰከንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

በ2014 በፖላንድ ሶፖት በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና 1ኛ ስትወጣ፣ ኢትዮጵያዊቷ አክሱማዊት እምባዬ ተከትላት ገብታለች። በዚያው ዓመት በዙሪክ የአውሮፓ ሻምፒዮና ግን በሌላዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት በኔዘርላንዷ ሲፋን ሐሰን ተቀድማ የብር ሜዳሊያ ወስዳለች።

የአትሌቷ ጉዞ የተሰናከለው በ2016 ነው። ከዚያው ዓመት መግቢያ ጀምሮ በተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ የገባው ሜልዶኒየም በናሙናዋ ውስጥ በመገኘቱ በየካቲት ወር በጊዜያዊነት ታገደች። የተገኘው መጠን ዝቅተኛ ስለነበረና ንጥረ ነገሩ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በወቅቱ በግልጽ ባለመታወቁ እገዳው በሐምሌ ተነሥቷል። ሆኖም በሪዮ ኦሎምፒክ አልተሳተፈችም፤ ወደ ቀድሞ ብቃቷም ሳትመለስ ቀርታለች።

በሌላ በኩል የለንደኑ ውጤት ደረጃ በደረጃ ሲፈርስ ቆይቷል። ጫኪር በ2015፣ ቡሉት ደግሞ በ2017 በአበረታች ንጥረ ነገር ምክንያት ሜዳሊያቸውን ተነጠቁ፤ ወርቁ ለማርያም ሲሰጥ አበባ ወደ 3ኛ ደረጃ ከፍ አለች። በመስከረም 2024 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በቶማሾቫ ላይ የ10 ዓመት ዕገዳ በመጣል የ2012 ውጤቷን በመሰረዙ፣ አበባ 2ኛ፣ በለንደን 6ኛ የነበረችው አሜሪካዊት ሻነን ሮውበሪ ደግሞ 3ኛ ሆነዋል።

ውጤቱ የሚመዘገበው አትሌቷ በውድድሩ ዕለት ለወከለችው አገር በመሆኑ የብር ደረጃው የኢትዮጵያ ነው። ይሁን እንጂ የደረጃ እርማቱ ሰንጠረዡን ከማስተካከል ያለፈ ነገር አይመልስም። በሰገነት ላይ መቆምና የአገርን ሰንደቅ ዓላማ ከፍ ሲል ማየት በዕለቱ ካመለጠ ያመለጠ ነው። የለንደን ፍጻሜ የሌሎች ጥፋት የአንዲትን አትሌት ድል ለዓመታት ሊሸፍን እንደሚችል ሲያሳይ፣ የ2016ቱ እገዳ ደግሞ አንድ አትሌት ወደ ሰውነቱ ስለሚያስገባው ነገር ሁሉ ራሱ ተጠያቂ መሆኑን ያስገነዝባል። በሰሜኑ ደጋማ አካባቢዎች ሩጫን ለሚጀምሩ ወጣቶችም ሁለቱ በእኩል የሚጠቅሙ ትምህርቶች ናቸው።