ከጥፋት የተረፉ መጻሕፍት

የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከምንጩ እናንብብ ብለን ስንነሣ መጀመሪያ የሚያጋጥመን የጠፋ መጽሐፍ ስም ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት ሄጌሲጶስ አምስት መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ ዛሬ የሉም። ፓፒያስም አምስት ጽፎ ነበር፤ እነሱም የሉም። ታዲያ መኖራቸውን በምን አወቅን? ሌሎች ስለ ጠቀሷቸው ነው፤ ከጠቃሾቹም ዋናው የቂሳርያው አውሳብዮስ ነው።

አውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በዐሥር መጻሕፍት ጽፎ እስከ 324 አድርሶታል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ትልቁ ውለታው የቀደምቶቹን ቃል እንዳለ እየገለበጠ ማቆየቱ ነው። ግን የቆስጠንጢኖስ አድናቂ ነበርና ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ ብዕሩ ይለሰልሳል። ይኼን እያወቁ ማንበብ የአንባቢ ፋንታ ነው።

ከ400 ጥቂት ዓመታት በኋላ ሩፊኖስ መጽሐፉን ወደ ላቲን መለሰና ሁለት መጻሕፍት ጨመረበት። የኛ ፍሬምናጦስ ታሪክ ያለው እዚያ ነው። ሩፊኖስ ነገሩን የሰማሁት ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ነው ይላል፤ አገሩን ግን «ህንድ» ብሎ ይጠራዋል። እንግዲህ ምስክር ቢታመንም ሳይመረመር አይታለፍም ማለት ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ415 ፈላስፋዋ ሂፓትያ በእስክንድርያ በክርስቲያኖች እጅ ተገደለች። በዘመኑ የነበረው ሶቅራጥስ ነውሩ ለቄርሎስና ለእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ተረፈ ሲል ይጽፋል። በሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የጻፈው ግብፃዊው ጳጳስ ዮሐንስ ዘኒቅዩስ ደግሞ ሴትዮዋን አስማተኛ ናት ብሎ ገዳዮቿን ያመሰግናል። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ታሪኩን አወቅሁ ማለት ይችላል?

የዮሐንስ መጽሐፍ ዐረቦች ግብፅን ስለ መያዛቸው ከሚናገሩት ቀደምት ምንጮች አንዱ ነው። ዳሩ ግን በመጀመሪያ የተጻፈበት ቅጂ ጠፍቷል፤ የዐረብኛው ትርጉምም ጠፍቷል። የቀረው በ1602 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ዞተንበርግ የተባለ ሊቅ በ1883 ግዕዙን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ፓሪስ ላይ አሳተመው፤ ዓለምም ያወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ነገሩን እናስበው። ግብፅ የራሷን ጳጳስ ታሪክ ለማንበብ የኛን ግዕዝ ደጅ ትጠናለች። እኛ ግን በግዕዝ የተጻፈውን ለማወቅ የፈረንጅ ትርጉም እናገላብጣለን! ግዕዝ የካህናት ጉዳይ ነው እያልን መሸሻችን ያመጣው ነው። መጽሐፍ የሚጠፋው በእሳትና በምስጥ ብቻ አይደለም፤ የሚያነበው ሲታጣም ይጠፋል።

ለመጀመር ለሚሻ መንገዱ ይኸው፦ አስቀድሞ አውሳብዮስ፣ ቀጥሎ ሩፊኖስና ሶቅራጥስ፣ ከዚያ ዮሐንስ ዘኒቅዩስ። የመጨረሻውን እንኳ በግዕዙ እናንብበው።